ለጋዜጠኛዋ የነገርኳት እኔ ነኝ

ውድ ወንድሜ ኑዕማን፣

እዚያ አገር ሰው ሁሉ «ኖርማን» እንደሚልህ አውቃለሁ፤ እኔ ግን እናታችን ባወጣችልህ ስም ነው የምጠራህ። የአክስታችንን ልጅ ሱመያን «ለጋዜጣ ሸጥሽኝ» ብለህ እንደሰደብካት ሰማሁ። እሷ አይደለችም። ለጋዜጠኛዋ የነገርኳት እኔ ነኝ።

የፓርቲህን ወረቀት ከመበተን ተነስተህ ለከተማው ምክር ቤት ስትመረጥ ምን ዓይነት ፓርቲ እንደሆነ አልጠየቅኩህም። ወንድሜ እንግሊዝ አገር ተመራጭ ሆነ ብዬ መስጊድ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ።

ባለፈው ዓመት አትላንታ አጠገብ ታከር በምትባለው ከተማ የምሠራበት መጋዘን በር ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ሺፍቴን ስጠብቅ ልጄ ሊና ቪዲዮ ላከችልኝ። ወዲያው ከቢሮዋ ደወለች።

«ማሚ፣ ይሄ አንክል ኑዕማን አይደል? ላይክ፣ ምን እያለ ነው?»

ስደተኞች ያረፉበት ሆቴል ፊት ለፊት ማይክ ይዘህ ቆመሃል። «እኔም ከአፍሪካ ነው የመጣሁት፤ ግን በሕግ፣ በቪዛ ነው የገባሁት። እነዚህ እንደ ሌባ በጭነት መኪና ተደብቀው ነው የገቡት» አልክ። ባንዲራ የለበሱት አጨበጨቡልህ።

«በቪዛ ነው እንዴ የሄደው?» አለችኝ ሊና። ሥራ ልግባ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ከዓሣ መጫኛ መኪና ወርደህ፣ ጣቶችህ በብርድ ደንዝዘው፣ «እታለም፣ ተርፌያለሁ» ብለህ ያለቀስከው ለእኔ ነው።

ሱመያ እዚያ ሆቴል ውስጥ እንዳለች ታውቅ ነበር። ቅርብህ ናት፣ ጠይቃት ብዬ የነገርኩህ እኔው ነኝ። አንተ ተናግረህ ከሄድክ በኋላ ሰዎቹ መስኮቱን በድንጋይ ሰበሩት፤ ስብርባሪው ግንባሯን ቀደዳት። ደሟ እየፈሰሰ የደወለችው ለአንተ ነው። «ዘመዴ ነው ብለሽ ለማንም እንዳታወሪ» ብለህ ዘጋህባት። ስትነግረኝ እንኳ አልተቆጣችም። «አፈረብኝ መሰለኝ» ነው ያለችኝ።

ምርጫው ዳግመኛ ሲቃረብ አንዲት ጋዜጠኛ እንዴት እንደገባህ ማጣራት ጀመረች። አንተም ስልኬን ሰጠሃት፤ ቀድመህ ደውለህም፣

«እታለም፣ ቪዛ ነበረው በያት። አንዲት ቃል ናት» አልከኝ።

«እሺ» አልኩህ። ወላሂ፣ ያን ሰዓት ልዋሽልህ ነበር ያሰብኩት። ጋዜጠኛዋ ስትጠይቀኝ ግን የሱመያ ግንባር ፊቴ ድቅን አለ። ሁሉንም ነገርኳት። ስሜን እንዳትጽፊ ብዬም ለመንኳት። ሱመያን ያሰደባት ይሄ ፍርሃቴ ነው፤ እሷን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። አንተን አልጠይቅህም።

ጽሑፉ ጋዜጣ ላይ በወጣ በሁለት ቀን ውስጥ ፓርቲህ አባረረህ። ያጨበጨቡልህ ሰዎች «አንተም ወደ መጣህበት» ብለው በርህ ላይ ጻፉ። ደስ አላለኝም፤ ግን አላዘንኩልህም። እንግሊዝ በገባህ ዓመት አውቶቡስ ውስጥ ፊትህ ላይ የተፉብህን አንተው ነግረኸኝ የለም ወይ? እንደነሱ ከጮህኩ ከነሱ እቆጠራለሁ ብለህ ነው፤ አልቆጠሩህም።

ትናንት የተውክልኝን ቮይስሜይል ሰማሁት። አትላንታ መጥተህ እኔ ዘንድ መክረም ፈልገሃል። ሊና «እሱ ከመጣ እኔ እዚህ ቤት አልመጣም» ብላለች፤ በእሷ ግን አላሳብብም። አትምጣ የምልህ እኔ ነኝ።

ሱመያ የመኖሪያ ወረቀቷን አግኝታ አንተው ከተማ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ከቤትህ በእግር ያስኬዳል። ሂድና ሰው እየሰማ «የአክስቴ ልጅ ናት» በል። ያን ያደረግክ ቀን እሷው ትነግረኛለች። እስከዚያ ስልክህን አላነሳም።

እህትህ ነዚፋ
ቻምብሊ፣ አትላንታ