ከግንቡ ጀርባ ያስቀረሁት አፈር

ውድ እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ አታንብቢው፤ ተቀመጪ። አባባ ደህና ነው፤ ልብሽ እንዳይሰቀል እሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ወደ አትክልቱ ቦታ የሚያስወጣው በር ግን ተቆልፏል፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው።

ባለፈው ፎቶውን ስልክልሽ "ከፕላኔም በለጠ!" ብለሽ ነበር። እውነትም ያምራል። ቀጥ ያለው የኮንክሪት መንገድ፣ ጠባቧ የውሃ ገንዳ፣ ረጃጅሙ ሣር፣ ከድጋፍ ግንቡ ሥር ያለችው የአባባ አግዳሚ ወንበር፣ ሁሉም አንቺ እንደ ሣልሽው ነው። ከአንድ ነገር በቀር። ያ ደግሞ ፎቶ ላይ አይታይም።

ቦታውን ታውቂዋለሽ። ኋላው ተዳፋት፣ ግራና ቀኙ የጎረቤት አጥር፣ መግቢያው የቤታችን ኮሪደር ብቻ። የእጅ ጋሪ እንኳ አባባ መኝታ ቤት በር ጋ ሲደርስ አልዞር ይላል። አሸዋው፣ ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ችግኙ ሳይቀር የገባው በትከሻ ነው። እኔ የፈራሁት ማስገባቱን ነበር፤ ለካ መከራው ማውጣቱ ኖሯል! ተዳፋቱን ለሚደግፈው ግንብ መሠረት ስንቆፍር የወጣው አፈር ግቢውን ሞላው። እሱንም ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ እየሞላን በዚያው ኮሪደር ወደ መንገድ ማውጣት ነበረብን።

አባባ በሩን ገርበብ አድርጎ አልጋው ላይ ተቀምጦ ስናልፍ ያየናል። "ጉንዳኖቼ መጡ" እያለ ይቀልድብናል። አቧራው ግን ያስለዋል። አንቺም በስልክ "አባባን እንዳታስቸግሩት" አልሽ። በሦስተኛው ሳምንት ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ፤ ሠራተኞቹም አንድ በአንድ ቀሩ።

ፕላኑ ላይ፣ ከግንቡ ጀርባ፣ በቀይ እስክሪብቶ "ጠጠር ብቻ! ውሃው መውጫ ይፈልጋል" ብለሽ ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል። እኔ የተቆፈረውን አፈር መልሼ እዚያ ከተትኩት። ጠጠር ማስገባትም ቀረልኝ፣ አፈር ማውጣትም ቀረልኝ። ላዩ ላይ ሣርሽን ተከልኩበት። ለራሴ "ለአባባ ሳል ብዬ ነው" አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ደክሞኝ ነው።

ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ ሲዘንብ ከግንቡ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ከዚያ ግንቡ ሆድ ማውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ዓይኔ ነው አልኩ። ቀጥሎ ከአባባ ወንበር በላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ መጣች። ግንቡን የሠራልንን ሽማግሌ ግንበኛ ጠራሁት። ስንጥቋ ላይ መዳፍ የምታህል ጄሶ ለጠፈና ቀኑን ጻፈባት።

"ይቺ ጄሶ ከተሰነጠቀች ግንቡ እየሄደ ነው ማለት ነው" አለኝ። ቀጥሎም ጠየቀኝ፣ "ጀርባው ጠጠር ነው አይደል?"

"አዎ" አልኩት፣ ዓይኑን ሳላይ።

አባባ በየከሰዓቱ ጋዜጣውን ይዞ፣ ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ እዚያው ይቀመጣል። "ብርድ ነው፣ ሳሎን ይሻልሃል" ብዬ ባባብለው፣ "ልጄ አስባ፣ ልጄ ሠርቶ፣ እኔ ሳሎን ልቀመጥ?" ይለኛል። ሦስት ቀን በመስኮት እያየሁት ዋልኩ። ጋዜጣውን ባገላበጠ ቁጥር ግንቡ የተንቀሳቀሰ ይመስለኛል። አፌን ግን አልከፈትኩም፤ አፈርኩ፣ እታለም።

ዛሬ ጠዋት ጄሶዋ ለሁለት ተከፍላ አገኘኋት። ጣቴን ስንጥቋ ላይ ሞከርኩ፤ ገባ።

በሩን ቆለፍኩና ኮሪደሩ ላይ ሁሉንም ለአባባ ነገርኩት። 

"ሁለት መቶ አርባ ሦስት" አለኝ።

"ምኑ?"

"ማዳበሪያው። በእኔ በር በኩል ያለፈው። ከዚያ ቆመ። አፈሩ ግን ገና ክምር ነበር፤ በማግስቱ በመስኮት ባየው የለም።"

"እያወቅክ ታዲያ ለምን እዚያ ትቀመጣለህ?"

"ምናልባት ልጄ ሌላ ዘዴ አግኝቶ ይሆናል አልኩ። አውቆ እዚያ አያስቀምጠኝም ብዬ ነዋ።"

ይህን ያለኝ ሳይቆጣ ነው። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ለግንበኛውም እውነቱን ነገርኩት። ራሱን ያዘና፣ "ነገ በእንጨት እንደግፈዋለን፤ ከዚያ አፈሩ ከላይ ይቀነሳል። ላዩ ከአንድ ሰው በላይ አይችልም። እኔ ደግሞ ልጆች አሉኝ" አለኝ። የሚወጣው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ሰማዩ ከአሁኑ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ከቀደመን ደግሞ እንጨቱም አይመልሰውም።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ይኸው ልለቅም ነው። አባባ ከመኝታ ቤቱ አንድ ወንበር አውጥቶ ኮሪደሩ ላይ አስቀምጧል። አቧራው ያስልሃል ብዬ ብከለክለው፣ "ከሁለት መቶ አርባ አራት እንጀምራለን" ብሎኝ ጫማውን አጠበቀ።

ይህ ሲደርስሽ ሥራውን ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ ለእኔ ደውዪ። ካላነሳሁ ለአባባ ደውዪለት፤ ቁጥሩ ስንት ላይ እንደቆመ ይነግርሻል።

ይቅር በዪኝ።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ችኩሉ