ላስወለቁን ካንጋ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር ብዋና ንያዋ ምዋሮ፣ የባንዳሪኒ ከተማ ደንብ አስከባሪ አዛዥ፣ የጀልባ ማረፊያው ጠባቂና የአካል ጉዳተኞች ቀን የክብር አስተናጋጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ክርንዎ፣ የጎድን አጥንትዎ እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ቅዳሜ ከሰዎችዎ ጋር ከተገናኘን ወዲህ አጥንት ሁሉ በየቦታው መገኘቱ ራሱን የቻለ ጸጋ መሆኑን ስለተረዳሁ፣ የእርስዎም እንዳይጎድልብዎ በየዕለቱ እጸልያለሁ።

እኔ ምዋናኮምቦ ሸሌ እባላለሁ፤ ዕድሜዬን በከተማው ቤተ መጻሕፍት ያሳለፍኩ፣ በሁለት ክራንች የምሄድ፣ የባንዳሪኒ አካል ጉዳተኛ ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ቅዳሜ ከማረፊያው አጥር ሥር ተቀምጬ የአፍንጫዬን ደም በመሐረብ ይዤ ሳለ በአጠገቤ አልፈው ነበር፤ ተነሥቼ እጅ ባለመንሣቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ክራንቾቼ በዚያን ሰዓት በሰዎችዎ እጅ ሥራ ላይ ነበሩ። ነገሬን በጋዜጣ የማቀርበውም ድፍረት ይዞኝ ሳይሆን፣ የጽሕፈት ቤትዎ ዘበኛ «አዛዡ ከእናንተ ዓይነት ጋር አይነጋገርም፤ ሂጂ እማማ፣ ሁለተኛ እግርሽንም ሳታጪ» ብሎ በትሕትና ስለሸኘኝ ነው።

በእኛ ከተማ ሴት አፏ የማይችለውን በካንጋዋ እንደምትናገር ለእርስዎ ማስረዳት የእናትዎን ትምህርት መድገም ይሆንብኛል። ከወገባችን በታች በምንጠቀልለው በዚያ ጨርቅ ጠርዝ ላይ የተጻፈው ቃል ስም አይጠራም፣ ጣትም አይቀስርም። ጎረቤቷ የሚወጋ ቃል ለብሳ በደጇ ያለፈችባት ሴት ዝም ብላ ገበያ ትወርዳለች፤ መልሱ የተጻፈበትን ካንጋ ገዝታ፣ እሱን ታጥቃ በጎረቤቷ ደጅ ቀስ ብላ ትመለሳለች። ተቆጥታ «እኔን ነው!» ብላ የጮኸች ግን ቃሉን በገዛ እጇ ተቀበለች፤ ከተማው ሲስቅባት ይኖራል። ይህንን ሕግ የአምስት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል። አዛዥ ያውቀው እንደሆነ በኋላ እናያለን።

ለአካል ጉዳተኞች ቀን አንድ ዓይነት ካንጋ እናሳትም ባልን ጊዜ በቃሉ ላይ ብዙ ተከራከርን። ዓይነ ስውሯ ቢ ሚሺ፣ በዕድሜም በምላስም ታላቃችን፣ «ሁሉን አላህ ያውቃል ይባልልን» አሉ። ባለ ሦስት ጎማ ወንበሯን በእጇ እየዘወረች በማረፊያው ካሳቫ የምትሸጠው ሪዚኪ ግን «አላህማ ያውቃል፣ ቢ ሚሺ፤ የማያውቀው የሰው ልጅ ነው። የሰው ልጅ ደግሞ ቂጥ ላይ ካልተጻፈለት አያነብም» አለች። «አንቺ ባለጌ! እኔ የማላየውን!» ብለው ሲስቁ የቀሯቸው ጥርሶች ሁሉ ታዩ። በመጨረሻ በቀይና በጥቁር እንዲህ ተብሎ ታተመ፦ «ምጽዋትህን ያዝ፣ መንገዴን ልቀቅ።»

በጀልባ ማረፊያው ለባለ ጎማ ወንበሮች ተብሎ በተሠራው ብቸኛ መወጣጫ ላይ ቀዝቃዛ መጠጥ የሚሸጥ ኮንቴይነር መቀመጡን ከዚህ ቃል ጋር የሚያገናኝ ሰው ካለ፣ ማገናኘቱ የራሱ ነው። የኮንቴይነሩ ባለቤት ማን እንደሆነም የማውቀው ከተማው የሚያውቀውን ያህል ብቻ ነው። ኮንቴይነሩ ከመጣ ወዲህ ሪዚኪ ወደ ጀልባው የምትገባው ወዛደሮች እንደ ጆንያ እየተቀባበሏት መሆኑን፣ በዝናቡ ወራትም ከእጃቸው አምልጣ በጀልባውና በድንጋዩ መካከል ከወደቀች በኋላ ፀጉሯን ይዘው እንዳወጧት ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ከውኃ ወጥታ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል «ካሳቫዬስ?» የሚል ነበር።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ። በክብር ስለጠሩን እናመሰግናለን። ከክፍለ ሀገሩ ሹም ፊት ለፊት፣ ጥላው ለባለ ሙሉ አካላት ስላለቀ በፀሐይ ላይ አሰልፈውን፣ በየተራ አንድ አንድ ከረጢት ዱቄት እየተቀበልን ለካሜራ ፈገግ እንድንል አስተማሩን። እኛም በተጠራን ቁጥር ወጣን፤ ዱቄቱን ሳንነካ ለክቡር እንግዳው ጀርባችንን ሰጥተን ቆምን፤ ሪዚኪም ካንጋዋን ከወንበሯ ጀርባ ዘርግታ ዞረች። እንግዳው መነጽራቸውን አድርገው በዝግታና በጥሩ አነባበብ አነበቡት። ከዚያም «ማንን ነው የሚሉት?» ብለው ጠየቁ።

 እኛ ልንመልስ አንችልም ነበር፤ የካንጋ ደንብ አይፈቅድም። በዚያች ቅጽበት ክቡርነትዎ ከወንበርዎ ተስፈንጥረው «እኔን ነው! እነዚህ ሽባዎች የሚሰድቡት እኔን ነው!» ብለው ጮኹ።

ብዋና ጌታዬ፣ ማኅበራችን ለወራት ቢደክም እንዲህ ያለ ምስክርነት አያገኝም ነበር። ቃሉ ባለቤት አልነበረውም፤ እርስዎ ከነሙሉ ስምዎ ተረከቡት። ለካንጋ መልሱ ካንጋ ነው። ክብርት ባለቤትዎ አንድ የሚያቃጥል መልስ ለብሰው በማኅበራችን ደጅ ሁለት ጊዜ ቢመላለሱ ኖሮ እናፍር ነበር፤ ምናልባትም ቢ ሚሺ ይሸነፉ ነበር። እርስዎ ግን ፊሽካዎን ነፉ።

፪ኛ። አድልዎ ስላላደረጉ። እኩል አገልግሎት ስንለምን ፀጉራችን ሸበተ፤ እርስዎ በአንድ ፊሽካ አደረጉት። ቆመጡ ዓይነ ስውር፣ አንካሳ፣ መስማት የተሳናት ብሎ አልለየም። ሳውሙ ከተወለደች ድምፅ ሰምታ አታውቅም፤ «ቁሚ!» ሲሏት ስላልቆመች ከኋላዋ ጭንቅላቷን መቷት፤ ከወደቀችም በኋላ አሁንም ስላልሰማች ደገሟት። የቢ ሚሺን ነጭ በትር አንዱ ወጣት በጉልበቱ ሰብሮ ሲያበቃ «ከዚህ ሂጂ!» ብሎ ጮኸባቸው። «ወዴት ልጄ? መንገድ የሚያሳየኝን እኮ ሰበርከው» አሉት። መልሱ በጥፊ ነበር። እኔም ድርሻዬን አገኘሁ፤ አንደኛው ክራንቼ ከመወሰዱ በፊት የአንድ ሰውዎን ቅልጥም ስላገኘ ባለ ዕዳ አይደለሁም።

፫ኛ። ስለ ልብሳችን ስለተጨነቁ። ሰዎችዎ ካንጋዎቹን ከወገባችን ላይ እየገፈፉ ሲወስዱ፣ እናቶችን በውስጥ ቀሚስ፣ ልጃገረዶችን በግልገል ሱሪ በሕዝብ ፊት ሲያስቀሩ፣ ክቡርነትዎ «በደንብ ፈልጉ፣ አንዱም እንዳይቀር!» እያሉ በቅርብ ሲከታተሉ ነበር። መሬት ለመሬት የምትሄድ ሴት ጨርቋ ሲጎተት አብራ ትጎተታለች፤ የምዋንጃአ ጉልበቶች ቆዳቸው ከማረፊያው ሲሚንቶ ላይ ቀርቷል። ዓሣ አጥማጆቹ ሸሚዛቸውን እያወለቁ ወረወሩልን፤ ወርውረውም ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ። ጀርባ መስጠት አክብሮት የሚሆንበት ጊዜም እንዳለ ያን ቀን አየን። ከዚያ ቤንዚን መጣ፤ ሥራችን ሁሉ ነደደ። ጭሱ ወደ ክቡር እንግዳው ስለሄደ ሥነ ሥርዓቱ በሳልና በዕንባ ተዘጋ፤ ጋዜጠኞቹም በስሜት የተነኩ መስሏቸው ፎቶ አነሱዋቸው።

፬ኛ። እዚህ ላይ ትሕትናዬ እንደ እኔው ትንሽ ያነክሳል።

የሪዚኪን ወንበር ወደ ባሕር ሊጥሉት ሲገፉ ጎማውን ይዛ አልለቅም አለች። አሥር አለቃ ባያ «ልቀቂ!» አላት። «አንተ ልቀቅ፤ እግሬ ነው» አለችው። በቆመጥ ክንዷን መታ። አለቀቀችም። በዚያው ቦታ ላይ ደገመው፤ አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ከአጥሩ ሥር ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ነበር የመሰለኝ። ወንበሩ ከነካሳቫው ወደ ውኃው ሄደ። እሷም ያን ጊዜ የቀረላትን ተጠቀመች፤ ፀጉሯን የያዘውን የአሥር አለቃውን እጅ አገኘችና አውራ ጣቱ ላይ ጥርሶቿን አጋጠመች። ሦስት ሰዎች ጎትተው ነው ያላቀቋት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሪዚኪ በእስር ላይ ናት። ክሷ ሁለት ነው፤ በጨርቅ ላይ በተጻፈ ቃል ባለሥልጣንን መስደብና የመንግሥት ሠራተኛን በጥርስ ማጥቃት። አሥር አለቃው በዚያው ዕለት ሐኪም አይቶት፣ ጣቱ ታሽጎ፣ የዕረፍት ፈቃድ ተሰጥቶታል። የሪዚኪን ክንድ ግን እስከ ዛሬ ማንም አልነካውም። «ለተከሳሽ ሐኪም የሚፈቅደው አዛዡ ነው፤ አዛዡ ደግሞ አልፈቀዱም» ተብለናል። በጣቢያው መስኮት ሳናግራት እንዲህ አለችኝ፦ «ምዋናኮምቦ፣ ጣቶቼ አይሰሙኝም። አጥንቱ ጠሞ ከገጠመ ወንበር መዘወር ቀረ። እግሬን ፖሊዮ ወሰደው፤ ምን ይደረጋል። ክንዴን ግን ለምዋሮ እንዳትሰጪው።» ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ቆይታ ደግሞ አፍንጫዋን ጠርጋ «ለባያ ንገሪልኝ፣ ጨው ይጎድለዋል» አለች።

ብዋና፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ካንጋውን አልጠይቅዎትም፣ ዱቄቱንም ይያዙት። ሐኪም ያስገቡላት፤ ለሐኪም ክብርዎ ካልፈቀደ ወጌሻ ይግባላት። የእርስዎ ክንድ ቢሰበር በአንድ ክንድ ይቀራሉ፤ የእሷ ክንድ ጠሞ ከቀረ ግን ገበያዋም፣ ቤቷም፣ መሄዷም አብረው ይቀራሉ። ይህን ሳያውቁ አድርገውት ከሆነ አሁን አውቀዋል። አውቀው ከሆነ ደግሞ፣ እኔ በሠለጠነ ቋንቋ የምጽፍ አሮጊት ነኝና የሚገባዎትን ቃል የሚያውቁትን ወዛደሮች ብጠይቅ ይሻለኛል።

ክሱ እንዲነሣ ግን አልለምንም፤ እንዲያውም እንዳያነሡት አደራ። የስድቡ ክስ እንዲጸና ተሰዳቢው ቀርቦ፣ እጁን አንሥቶ ምሎ፣ ቃሉ ለእኔ ነው ማለት ይኖርበታል። ያን ጊዜ ዳኛዋ «እንግዲያው የማንን መንገድ ነው የዘጉት?» ብለው ሲጠይቁ ለመስማት ከተማው ሥራ ፈትቶ ይመጣል። ዓሣ አጥማጆቹም ይመጣሉ፤ በዚህ ጊዜ ፊታቸውን አያዞሩም።

አንድ የምሥራች አስከትላለሁ። ያቃጠሉት የእኛን ብቻ ነበር፤ ጨርቅ ነጋዴው ግን ሁለት ጊዜ አሳትሞ ሁለት ጊዜ አለቀበት። ሮጠው የሚሄዱ፣ አጥርተው የሚያዩ፣ ሹክሹክታ የሚሰሙ ሴቶች ሁሉ እየታጠቁት ነው፤ ትናንት ሙሽራ ሲሸኙበት አይቻለሁ። ካንጋ ሲወደድ በከተማችን ስም እንደሚወጣለት ያውቃሉ። ገዢዎቹ ጽሑፉን እስኪያነቡ አይደክሙም፤ ሱቁ ደጅ ቆመው «አንድ ምዋሮ ስጠኝ» ይሉታል። እሱም «ምዋሮ ቀይ ነው ጥቁር?» ይላል። የልጅ ልጆችዎ ሲያገቡም በገበያው እንደሚያገኙዎት ጥርጥር የለኝም።

ኮንቴይነርዎ ይሙላ፣ ፊሽካዎ አይዝጋ፣ አጥንትዎም እንደ ትዕግሥታችን ሳይሰበር ይኑር እያልኩ፣ በቀረው ክራንቼ ላይ ቆሜ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

ምዋናኮምቦ ሸሌ
የባንዳሪኒ አካል ጉዳተኛ ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ ችሎቱ ሐሙስ ጠዋት ነው፤ የሚያስችሉትም ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጠባብና ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ መወጣጫ የለውም፤ ተከሳሽን ዳኛ ፊት ማቅረብ ደግሞ በሕግ የእርስዎ ሥራ ነው። ስለዚህ ሪዚኪን በሕዝቡ መካከል እንደ ሙሽራ ከፍ አድርገው የሚያወጧት ሰዎችዎ ናቸው። በግራዋ የሚሸከማት እባክዎ ይጠንቀቅ፤ ክንዷ ተሰብሯል። በቀኟ የሚሸከማት ደግሞ አብልጦ ይጠንቀቅ፤ ጥርሶቿ ደህና ናቸው።