«ትኩሳት ነው» በዪኝ

ይድረስ ለልጄ፤ ባለሽበት ጤናው ይብዛልሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። ወንድምሽ የላውንደሪያችንን በር አረንጓዴ ቀባው። ሳይደርቅ የተደገፉት ደንበኞች ሁሉ ሸሚዛቸውን መልሰው አመጡልንና ሥራ በዛልን።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ባለፈው በስልክ «ቀላል ፓይሬክሲያ ይዞኝ ነበር፣ ተሽሎኛል» ብለሽ ጻፍሽልኝ። አክስትሽ «የቆዳ ነገር ይሆናል፣ ቅባት ይበቃዋል» አለችኝ። ሆዴ እሺ አላለኝም። ስልኬን ይዤ ጥግ ላይ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ፋርማሲስቷ አየችውና «እማማ፣ ትኩሳት ማለት እኮ ነው። ቃሉ የግሪክ ነው፤ እሳት ከሚለው የመጣ» አለችኝ።

እሳት! ይሄን ነው ከእኔ የምትደብቂው? ዕድሜዬን ሙሉ ካውያ ይዤ የቆምኩ ሴት ነኝ፤ ግለቱን የምለካው በረጠበ ጣቴ ነው። ልጅ ሆነሽ ሰውነትሽ ሲግል በእርጥብ ፎጣ ያበረደሽ ማን ሆነና? ወንድምሽ ደግሞ «ደም ግፊትሽ እንዳይጨምር ብላ ነው» ይለኛል። ለካ እሱም ያውቅ ኖሯል! ግፊቴን የሚጨምረው የእናንተ ሹክሹክታ ነው። ሁለታችሁም ስሙኝ፤ እኔን እንደ እንቁላል መያዝ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።

ፈጣሪ ይጠብቅሽ፤ ሲያምሽ ውሃ የሚያቀብልሽ ሰው አያሳጣሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ሌላ ጊዜ ሲያተኩስሽ «ትኩሳት ነው» በዪኝ። ከዚህ ሆኜ ግንባርሽን መዳሰስ አልችልም፤ የማውቀውን ስሙን እንኳ አትንፈጊኝ።

እናትሽ