ጎሃር ሻሽ አስራ ስትመጣ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፣

ከባሕር ማዶ ሆኜ እጅሽንና ጉልበትሽን እየሳምኩ ሰላም እልሻለሁ። እንደምን ከርመሻል? ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይ? አባቴስ ከፈረስ ከወደቀ ወዲህ እጁ ዳነለት? የላይኛው ወይን ዘንድሮ እንዴት ያዘ? እኔ ልጅሽ ሹሻን በሰውነቴ ደህና ነኝ። ንግሥት ምን ይጎድልባታል፤ ቀና ብዬ ሰው ማየት ብቻ አቅቶኛል።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ያጠባችኝ ጎሃር ናት። ማንበብ ስለማትችል ምን እንደጻፍኩ አታውቅም። እባክሽ ለቄሱ ሰጥተሽ አታስነብቢው፤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ለምን ተመለስሽ ስትያት የአገሬ ናፍቆት ነው ትልሻለች። እንዳታምኛት።

ስትድሪኝ ልማዳችንን አጥብቀሽ ነግረሽኝ ነበር። ሙሽራ የበኩር ልጇን እስክትወልድ ድረስ አማቷ ፊት ድምፅዋ አይሰማም፤ ዓይነ ርግቧን አፏ ላይ ሳብ አድርጋ አንገቷን ትደፋለች ብለሽኛል። ጠብቄዋለሁ። እዚህ ቆጵሮስ ያሉት ፈረንጆች ግን ይህን ከየት ያውቁታል? በመጀመሪያው ሰሞን ንግሥቲቱ ዲዳ ናት እንዴ እያሉ ሲንሾካሾኩ ጎሃር በሳቅ ትሞት ነበር። ለአማቴ፣ ለባሌ ለንጉሡ እናት፣ የምለውን በጆሮዋ እነግራታለሁ፤ እሷ በዚያ በተሰባበረ የፈረንጅ ቋንቋዋ ታደርስልኛለች። አማቴም ለምደውት፣ ጎሃር ከአጠገቤ ከጠፋች "አፍሽ ዛሬ የት ሄደች?" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

እንግዲህ ከተዳርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ያዝኩ፤ ልጅ የለም። ቤተ መንግሥቱ በሙሉ የሚያየው ሆዴን ነው። በቅርቡ ክፉ ሳል ያዘኝና ጎሃር አንቺ እንደምታደርጊው ጦስኝ አፍልታ በማር ታጠጣኝ ጀመር። ኤሽቪቫ የምትባል የመኝታ ቤቴ አዛዥ አለች፤ ጎሃርን ዓይኗን ማየት አትወድም። "ያቺ አርመናዊት የንግሥቲቱን ማህፀን የሚያደርቅ ነገር እያጠጣቻት ነው፤ እኛ እዚህ ወራሽ እንጠብቃለን" ብላ ለአማቴ ነገረቻቸው። ንጉሡ ፋማጉስታ ወደብ ወርደው ስለነበር ነገሩን አማቴ ራሳቸው ያዙት።

አዳራሽ አስጠሩንና ጎሃርን መሃል ላይ አቆሟት። እሷማ መች ታፍርና፤ "የሳል መድኃኒት ነው፣ እናቷም የምትሰጣት ነው፣ አምጡና ኤሽቪቫም ትጠጣው፣ ምናልባት ክፉ ምላሷን ያለሰልስላት ይሆናል" አለቻቸው። አማቴ አልተቆጡም። ወደ እኔ ዞረው "ልጄ፣ የተከሰሰች ሴት ላንቺ ልትናገርልሽ አትችልም። ዛሬ አንቺው ራስሽ ንገሪኝ። ክፉ ነገር አልሰጠችኝም ካልሽ እዚሁ እለቃታለሁ" አሉኝ።

እማዬ፣ ዝም አልኩ። ዓይነ ርግቤን አፌ ላይ ስቤ አንገቴን ደፋሁ። ለእኛ ያ አክብሮት ነው፤ ለእነሱ ግን አዎን ማለት ሆነ። ኤሽቪቫ "ይኸው፣ ልጅቷ አፍራ ነው" አለች። ጎሃርን ይዘው ወጡና ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ አሽከሩ ሁሉ እየሳቀ ጠጉሯን ላጯት። አንዱ "የተሸለተች በግ መሰልሽ፣ እስቲ ባእ ብለሽ ጩኺ" ሲላት ከመስኮቴ ሆኜ ሰማሁ።

ልማዳችን ነው አፌን የያዘኝ ብዬ ላታልልሽ እችል ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እሷን ነፃ ካወጣኋት መካኗ እኔ ልሆን ነው፤ ጥፋቱ የጎሃር ከሆነ ግን ሰው ያዝንልኛል። ያን ዕለት ወይዛዝርቱ እየተፈራረቁ እጄን ሲስሙና "አይዞሽ፣ እንግዲህ ትወልጃለሽ" ሲሉኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቅልል አለኝ። ያጠባችኝ ሴት ተላጭታ ታስራ እኔ እራቴን በላሁ። አፈርኩ እማዬ፤ ለማንም የማልነግረው እፍረት ነው።

በማግስቱ አላስችል አለኝ። አማቴ ክፍል ገብቼ ዓይነ ርግቤን ገለጥኩና "የሳል መድኃኒት ነው፤ ጎሃር ምንም አላደረገችኝም" አልኳቸው። ድምፄን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። ትክ ብለው አዩኝና "ለካ አፍ አለሽ። ትናንትም ነበረሽ ማለት ነው" አሉኝ። ጎሃርን አስፈቷት፤ ግን ሰው ፊት የተላጨች ሴት ንግሥት ጓዳ ተመልሳ አትገባም፣ አገሯ ትሂድ ብለው ወሰኑ። ኤሽቪቫ የጓዳውን ቁልፍ እንደያዘች ናት።

ስንሰነባበት እግሯ ላይ ወደቅኩ። ብብቴን ይዛ አነሳችኝና "ተይ እንጂ ልጄ፣ ምን አድርገሽ? ያ ሁሉ ሲሆን አማትሽ ፊት ቃል አልወጣሽም። ልጅሽ አላሳፈረችሽም፣ እንዳሳደግናት ናት ብዬ ለእናትሽ እነግራታለሁ" አለችኝ። በማግስቱ ለአማቴ መናገሬን ማንም አልነገራትም፤ ያለችኝ ከልቧ ነው። ኮርታብኛለች። የደረሰባትን ሁሉ ለእኔ ጨዋነት የተቀበለችው መከራ አድርጋ ነው የቆጠረችው። እውነቱን ልነግራት አስቤ፣ መርከቡ እየጠበቃት፣ ሳልነግራት ቀረሁ።

ሻሿን አታስወልቂያት፤ ጠጉሯ ገና አልበቀለም። ገበታ ላይ ካጠገብሽ አስቀምጫት፣ ሥራም አታስነኪያት።

አባቴን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ወንድሜ ቫሳክ ፈረሴን እንዳይሸጥብኝ ንገሪው። ቄሱ በጸሎታቸው አይርሱኝ። ታናሽ እህቴ አሊትስ ከፋሲካ በኋላ እንደምትዳር ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ሁለት ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ልማዱን ስታስተምሯት ጎሃር "እንደ እህትሽ ሁኚ" ማለቷ አይቀርም። አደራሽን እናቴ፣ አንቺ እንዳትያት።

ልጅሽ ሹሻን

ኒቆስያ፣ ቆጵሮስ
በመስቀል በዓል ሰሞን፣ በእኛ በአርመኖች ዘመን በሰባት መቶ ስልሳ ዓመት