የክር ቁጥርና የመርፌ ቁጥር

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ብዙወርቅ ካሣዬ፤ ቤሩት።

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ ስትወርጂ የሚያምሽ ጉልበትሽስ ተሻለው? የምትጠብቂያቸው አሮጊት እንደ ልብ ያስተኙሻል ወይስ አሁንም በደወል ያነሱሻል? ሰላምታዬ ከአሶሳ ተነስቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ያንን ሁሉ ፎቅ ወጥቶ አንቺ ካለሽበት ክፍል ይግባ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፍ እስኪሰብር አፍርቷል። የጎደልሽብን አንቺ ብቻ ነሽ።

ሊድያ ፈቃዷን ጨርሳ ሐሙስ ወደ እናንተ ስለምትመለስ ይህን ደብዳቤ በእጇ ልኬልሻለሁ። በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ሞክሬ ኔትወርኩ ደስታዬን መሀል ላይ ቆረጠብኝ፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ከሥር ከመሠረቱ ልጻፍልሽ። የካቲት ላይ በእሷ እጅ የላክሽልኝን ጊታር በተመለከተ፣ “ከከበደሽ ለሃብታሙ ስጪው፤ አቧራ ከሚጠጣ እሱ ይጫወትበት” ብለሽኝ ነበር። መልሴ ይኸውልሽ፦ አልሰጥም! አሁን ምክንያቱን ስሚ።

ቁመቴን ታውቂዋለሽ፤ ካየሽኝ ወዲህም አልጨመርኩም። ጊታሩ ከሳጥኑ ሲወጣ ክው ነው ያልኩት። አምና አንገቷ የተሰበረው የመዘምራኑ ትንሽ ጊታር እሱ ሆድ ውስጥ ገብታ ትተኛለች። የጣት አያያዙን፣ ኮርዱን ሁሉ በእሷ ስለተማርኩ በዚህም እችላለሁ ብዬ ተማምኜ ነበር። ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው ግን ቀኝ ትከሻዬ ጆሮዬን ነካ። እጄ ያንን ሁሉ ሆድ ዞሮ ክሩ ጋ የሚደርሰው ደንዝዞ ነው። መዘምራኑ “ከጊታሩ ኋላ ሰው አለ እንዴ?” እያሉ ሳቁብኝ። ረጅሙ ከበሮ መቺያችን ሃብታሙማ ሲያነሳው የልጅ መጫወቻ መሰለ። በመጨረሻ የመዘምራኑ መሪ ጋሽ ኪዳኔ ለብቻዬ ጠርተው፣ ከትንሣኤ በኋላ ባለው እሁድ ሦስት መዝሙር ሳላቋርጥ ካጀብኩ ቦታው የእኔ እንደሚሆን፣ አንዴ እንኳ ካቆምኩ ግን ለሃብታሙ እንድለቅ ነገሩኝ። ከፋኝ፤ ከመከፋቱም በላይ እልህ ያዘኝ።

ጊታሩ ይዞት የመጣው ክር ዝጎ ነበር። የማንጎ ነጋዴው ሰራዊት አዲስ አበባ ሲሄድ አዲስ ክር እንዲያመጣልኝ ላክሁት። ለጣቴ የሚቀል ቀጭን ነበር የፈለግሁት። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ አይደል? ክር በቁጥር እንደሚገዛ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል! ስልሳ ቁጥር ከአርባ ቁጥር ይቀጥናል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ እየሳሳ ይሄዳል። ሰራዊት ከሱቁ ደውሎ “ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት አለ ይላል፤ የቱን ላምጣ?” ሲለኝ የስፌት መኪናዬን ሳላቆም፣ እየኮራሁ፣ “ትልቁን ቁጥር!” አልኩት።

እትዬ፣ የመጣልኝ የአጥር ሽቦ ነው። ሦስት ሳምንት ታገልኩት። የጣቶቼ ጫፍ ተሰነጣጥቆ መርፌ መያዝ አቃተኝ። የአንዲት ደንበኛዬ ነጭ ቀሚስ ላይ ደም ጠብ አድርጌ፣ ሰው ሳያየኝ በምራቄ ሳስለቅቅ ዋልኩ። ጥፋቱ የክሩ መሆኑን ግን አልጠረጠርኩም። ቀጭኑ እንዲህ ካደረገኝ ወፍራሙ ምን ሊያደርገኝ ነው እያልኩ በራሴ ጣት አፈርኩ። አልደብቅሽም፣ አንድ ቀን አልቅሼ ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ፣ ለሃብታሙ ልወስድለት ሱቄ በር ላይ አቁሜው ነበር።

ያን ቀን ነው ቦዔዝ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው። ቦዔዝ የቡለን ከተማ ልጅ ነው፤ እዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል፤ ኮሌጅ እያለ ጊታር ይጫወት ነበር። ሳጥኑን ሲያይ ካልከፈትኩ አለ። ክሩን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ፣ ማን ነው ይህን አሥራ ሦስት ያስገባብሽ አለኝ። እኔም ቀጭኑን መርጬ፣ ትልቁን ቁጥር እንዳስመጣሁ ነገርኩት። ግራ ገብቶት ሲያየኝ የክር ካርቶኔን ከፍቼ ስልሳውንና አርባውን አሳየሁት። ከት ብሎ ሳቀብኝ፤ ሱሪው ከእጁ ወደቀ። ሳቁ ሲወጣለት መኪናዬ ላይ ያለውን የመርፌ ፓኮ አነሳና “ይኼስ በየት በኩል ነው የሚቆጠረው?” አለኝ። ፓኮውን ነጥቄ ቁጥሩን አየሁ። አሥራ አራት ቁጥር መርፌ ከአሥራ አንዱ ይወፍራላ! የጊታር ክር ስሙ ክር ይሁን እንጂ አቆጣጠሩ የመርፌ ነው። ይህን በምን ልወቅ?

ከዚያ በኋላ ተቀምጦ አስረዳኝ። አሥሩ ለጣት ይቀላል፤ ለዚህ ሁሉ ሆድ ግን ድምፁ ይከሳበታል፤ ጠንከር አድርገሽ ስትመቺውም እየተርገበገበ ይንጫጫል። አሥራ ሁለቱ ድምፁ ሞላ ያለ ነው፤ ጣት እስኪጠና ግን ጊዜ ይፈልጋል። ለእኔ አሥራ አንዱ፣ ያውም የነሐስ ቀለም ያለው፣ እንደሚስማማኝ ነገረኝ። የላስቲኩን ክር ግን እንዳልሞክረው አስጠነቀቀኝ፤ እሱ ለሌላ ዓይነት ጊታር የተሠራ ነው። አሥራ ሦስቱ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ክሩ የሚታሰርበትን እንጨት ይነቅለው እንደነበርም አሳየኝ፤ ከሥሩ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ጀምሮት ነበር። ሰራዊትን በድጋሚ ስልከው በአፌ አላመንኩም፤ አሥራ አንድ ብዬ በወረቀት ጻፍኩለት። ወረቀቱን አይቶ፣ “ይኼ በልብስ ሰፊ ቋንቋ ነው ወይስ በሰው?” አለኝ፤ ወሬው እሱም ጋ ደርሷል ማለት ነው!

አዲሱ ክር ሲገባ ጣቶቼ ዳኑ፤ ትከሻዬ ግን እንደ ተሰቀለ ቀረ። እሱን የፈታችልኝ ደግሞ እማዬ ናት። ማሽላ እየለቀመች በጎሪጥ ስታየኝ ቆየችና፣ “አንቺ፣ ይህን ነገር እንደ ዱቄት ጆንያ ከፊት ለፊት ነው እንዴ የምታቅፊው? ልጅ እንኳ በጎን ነው የሚታቀፈው” አለችኝ። እየሳቅሁ ሞከርኩት። ሆዱን ከሆዴ ፊት ወደ ቀኝ ዳሌዬ ገፋ፣ አንገቱን ወደ ላይ ቀና፣ ጫፉን ትንሽ ወደ ፊት አደረግሁት። ትከሻዬ ወዲያው ወረደ! ከተረፈኝ የጂንስ ቁራጭ ማንገቻ ሰፋሁለት፤ አሁን ተቀምጬም አንግቼው ስለምጫወት ክብደቱን እጄ አይሸከምም። መደገፊያ ካለው ወንበር ተነስቼ ወደ ስፌት በርጩማዬ ተመለስኩ፤ ግራ እግሬን የክር ካርቶን ላይ አሳርፋለሁ። ሙሉ ሰዓት ተጫውቼ ስነሳ ምንም አይሰማኝም። ያ ሆዱ ደግሞ ስንቱን ድምፅ ይዞ ኖሯል! ደረቴ ድረስ ይሰማኛል።

ትናንት እሁድ ቀኑ ደረሰ። ልቤ ድው ድው ሲል ማይኩ የሚያሰማብኝ መሰለኝ። ሁለቱ መዝሙሮች እንዴት እንዳለቁ አላውቅም፣ ብቻ አለቁ። ሦስተኛውን እኔ እንድመርጥ ተፈቅዶልኝ ስለነበር ያንቺን መረጥኩ፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ማንም ያልነካውን። መዘምራኑ ሞቅ አድርገው ይዘውት ሄዱና አንቺ ብቻሽን የምትዘምሪው ቦታ ላይ ሲደርሱ ፀጥ አሉ። ማን እንደሚዘምረው አልተነጋገርንም ነበር! እኔም እትዬ፣ ጊታሩን ብቻ አስቤ ይህን ረሳሁት። ካቆምኩ ቦታዬ ሄደ። ያንኑ ኮርድ አንዴ ዞርኩ፣ ሁለቴ ዞርኩ። ጋሽ ኪዳኔ አቀረቀሩ፤ ሃብታሙ ዓይኑን ጨፈነ። ሦስተኛውን ስጀምር ከእናቶች ወንበር አንድ ድምፅ ተነሳ። ቀና ስል እማዬ ናት። ቆማ፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ያንቺን ቦታ በቃሏ ዘመረችው። እቤት ውስጥ እንኳ ስታንጎራጉር ሰምተናት አናውቅም እኮ! እንባዬ ጊታሩ ላይ እየወረደ ተጫወትኩ፤ ጣቴ ግን አልቆመም።

ሲያልቅ ጋሽ ኪዳኔ ቀና አሉና፣ “ሃብታሙ፣ አንተ ወደ ከበሮህ ተመለስ” አሉ፤ በቃ። ሃብታሙም ቅር ሳይለው ሳጥኑን እስከ ቤት ተሸከመልኝ። ደስታዬን የት ላድርገው?

አባባ ሰላም ይልሻል፤ ለሰው ሁሉ ልጆቼ እያለ ከትናንት ጀምሮ ደረቱን ነፍቷል። ሃብታሙና ቦዔዝ ሰላም ብለውሻል። ሰራዊት በሊድያ ሻንጣ የደረቀ ማንጎ ልኮልሻል። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ጉንጭሽን እየሳመች ይህን ጻፊልኝ ብላኛለች፦ “ቦታሽን ይዤልሻለሁ ልጄ፤ ግን ትንፋሼ አጭር ነው፣ ቶሎ መጥተሽ ተረከቢኝ።”

ታናሽሽ ሕብረት ካሣዬ
አሶሳ፣ ግንቦት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.