ዋልያው ሙዳየ ምጽዋት ገባ

ሐሙስ

ጉድ ሆንኩ! የአባዬን ዋልያ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጨመርኩት።

ሳንቲም ነው። ለፓርኮች መታሰቢያ የተሠራ፣ በአንድ ገጹ ዋልያ ያለበት። አባዬ ስሜን ተራሮች ላይ የፓርክ ጠባቂ ሆነው ኖረው ጡረታ ሲወጡ የተሰጣቸው ነው። ከሳጥናቸው የሚያወጡት ለእንቁጣጣሽ ብቻ ነው፤ አየት አድርገው ይመልሱታል። እኔ አስጎብኚዋ ልጃቸው ዛሬ ጠዋት ሳላስፈቅድ ወሰድኩት። ለእንግዶቼ ላሳይ ብዬ፣ ጉራ! ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስንደርስ እንደ ልማዴ እጄን ኪሴ ከትቼ ያገኘሁትን ሳንቲም ጣልኩ። ደጅ ወጥቼ ኪሴን ብዳብስ የቀረው ባለ አንድ ብሩ ነው።

ዓርብ

ገንዘብ ያዡ መምሬ ዘንድ ሮጥኩ። ሙዳዩ ተከፍቷል፤ ዋልያው እጃቸው ላይ ነው። በስሕተት መሆኑን ስነግራቸው ሳቁ። "ልጄ፣ አንዴ ከገባ የቤተ ክርስቲያን ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከስለቱ ዕቃ ጋር ይጫረታል፤ ነይና ተጫረቺ።"

እሺ። ቢያንስ አልጠፋም።

ቅዳሜ

አባዬ ሳጥኑን አልከፈቱም። ተመስገን። ቁርሳቸው ላይ ማር ጨመርኩላቸው።

"ምን አጥፍተሽ ነው?" አሉኝ።

ምንም አልኩ። ውሸት፣ ያውም በቀዳሚት ሰንበት! ቢቆጡኝ እችለዋለሁ። ዝም ካሉኝ ግን አልችልም።

እሑድ

ጥላው ተሸጠ፤ አውራ ዶሮው ተሸጠ። መምሬ ዋልያውን ከፍ አድርገው አሳዩ። ዋጋ ጠራሁ። ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው ጨመረ። ጨመርኩ። እንደገና ጨመረ። ማነው ይሄ ችክ ያለ ሰው ብዬ ብዞር፣ አባዬ! በትራቸውን ወደ ላይ አንሥተው። መጨመሬን ተውኩ። እሳቸው አሸነፉ።

መንገድ ላይ ፊታቸው በርቷል። "ለዋልያዬ ጓደኛ አገኘሁለት። ብቻውን ነበር እኮ፣ ምስኪን" አሉኝ።

አልቻልኩም። እንባዬ እየወረደ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ቀጥ ብለው ቆሙ። ዝም አሉ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። "የገዛ ዋልያዬን! አንቺ ደግሞ ዓይንሽን አፍጥጠሽ ከኔ ጋር ትጫረቻለሽ! ይሁን፣ ብሩ ለቤተ ክርስቲያን ነው የገባው።"

ቤት ገብተን ሳጥኑ ውስጥ መለሱት። ቁልፉን ግን ማተባቸው ላይ አሰሩት። "ከእንግዲህ ዋልያውን ከፈለግሽ እኔንም ይዘሽ ነው የምትሄጂ" አሉኝ።

ማክሰኞ እንግዶች አሉኝ። አባዬ የጥበቃ ኮታቸውን ከአሁኑ አውጥተው እየቦረሹ ናቸው።