ሽምብራ የጫነችው ባቡር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ከፒያሳ ኬክ ካርቶን የሠራኋት ትንሽዬ ባቡር ዛሬም ኩርባው ላይ ስትደርስ ከሐዲዷ ወጣች። የባቡር ወዳጆች በተሰባሰብንበት የቴሌግራም ግሩፕ ሁሉም የሠራውን ሲለጥፍ፣ እኔ የሰው ፎቶ ከማድነቅ አላለፍኩም። የምትወድቅ ባቡር ምኗ ይለጠፋል?

በዚህ መሃል ጎረቤቴ እትዬ አስካለ የሽሮ ሽምብራ በሰፌድ ይዘው ገቡ። ሞተሯ ሲጮህ ሰምተው ኖሯል።

«ባቡር ስታስገባ አትነግረኝም? በል ጾሙ ሳይገባ ይቺን ፍጭልኝ!»

ለካ ለእሳቸው ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነው! ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ሳሳያቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ድሬዳዋ ነበር እትዬ፣ ግን መንገድ ላይ ትወድቃለች።»

«ባዶዋን ብትልካት ነዋ!» አሉና ፉርጎዎቹን በሽምብራ ሞሏቸው።

ኩርባውን ዞረች። ደግማ ዞረች! በስልኬ ቀርጬ ለጠፍኩት። ወዲያው አንዱ «ወንድሜ፣ ለክብደት ምን ጨመርክበት?» ብሎ ጠየቀኝ። «የሽሮ ሽምብራ» ብዬ ጻፍኩለት።

እትዬ አስካለ ሲወጡ ከበሩ ላይ ዞር ብለው፣ «ድሬዳዋ ስትደርስ ጥራኝ፣ ሽምብራዬን እወስዳለሁ» አሉኝ።

ይኸው ይህን ስጽፍም እየዞረች ነው።